ለወደፊት የተገዙ ጎማዎች

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወርቂቱ የሳሎኑን በር ስትከፍት የባሏ ፒክአፕ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ሰቅላ ግቢው መሀል ቆማ አገኘቻት። መጀመሪያ የመኪናዋ ፊት ድንጋይ ላይ የወጣ መስሏት ነበር። ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ በካፊያው ወጥታ ስታይ ድንጋይ የሚባል ነገር የለም። የፊት ሁለቱ ጎማዎች ወገቧ ሊደርሱ ትንሽ ነው የቀራቸው፤ የኋላዎቹ እንደ ድሯቸው ከጉልበቷ እምብዛም አያልፉም። ከፊት ጎማዎቹ በላይ ያለው ፓራፋንጎ ጠርዙ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ወደ ውጭ ተገልብጧል፣ ቀለሙም ተላልጧል። ጎማዎቹን ወዲያው አወቀቻቸው። እንዴት አታውቃቸው፤ ስምንት ወር ሙሉ አንድ ሳሎን ውስጥ አብረው ኖረዋል።

ሠርፀ እነዚህን ጎማዎች ያመጣቸው ባለፈው ኅዳር ነው። አንድ ሥራውን ጨርሶ የሄደ ድርጅት ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ፣ ሰው ሁሉ ወንበርና ቁም ሳጥን ሲጫረት፣ እሱ ባለ ትልልቅ ጥርስ ሁለት ጎማ በአሥራ አራት ሺህ ብር ወስዶ እየሳቀ መጣ። አራት እንኳ አይደሉም፣ ሁለት። ግቢ ካደሩ ሌባ ይወስዳቸዋል ተብሎ ሳሎን ገቡ። ወርቂቱ አንዱን በአንዱ ላይ አነባብራ፣ ጣውላ ደርባ፣ ዳንቴል አልብሳ ቴሌቪዥኑን አስቀመጠችባቸው። ሌላ ምን ታድርግ። በነቀምቴው ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ጸጉሯ ጎማ ጎማ የሚሸት ሴት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ለምን እንደተገዙ በጠየቀችው ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፤ ለወደፊት። ለወደፊት በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ይገዛል፣ ያኔ ሁለቱ ተዘጋጅተው ይጠብቁታል። የሠርፀ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው። የሚያፈሰው ጣሪያ ለወደፊት፣ የእሷ የልብስ ስፌት ሱቅ ለወደፊት፣ ልጅ መውለድም ለወደፊት። ይህችን ቃል ስትሰማ ጥርሷን እስኪያማት ነበር የምትናደደው።

ከሁሉ የከፋው ግን የአባቷ ነገር ለወደፊት መባሉ ነው። አባቷ ኦቦ ሞረዳ ከዲጋ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብለው የሚኖሩ፣ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ ቃላቸውን ቆጥበው የሚናገሩ ገበሬ ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ሠርፀ ሽማግሌዎች ጭኖ ወርቂቱን ሊያስጠይቅ ሲሄድ በዚህችው ፒክአፕ አጥሩ ድረስ ነድቶ ቀረበ፤ ከመኪናው ሳይወርድም ክላክስ አደረገ። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ። በእነሱ አገር ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚመጣ ሰው ከሩቅ ወርዶ በእግሩ ይመጣል፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የቤቱን ሰው ይጣራል፣ ግባ ሲባል ይገባል። ኦቦ ሞረዳ «ከብት ነኝ እንዴ የሚነፋብኝ?» አሉና ገብተው በራቸውን ዘጉ። ወርቂቱ ነቀምቴ መጥታ ማዘጋጃ ቤት ፈርማ አገባችው። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ አንዲት ቃል አልተለዋወጡም። ሠርፀ እስከ ዛሬ ድረስ የተጠላሁት የጎጃም ሰው ልጅ ስለሆንኩ ነው፣ ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ ነው፣ መኪናዬም አሮጌ ስለሆነች ነው ይላል። ስለ ክላክሱ ስትነግረው ጆሮው አይገባም።

አሁን ግን የአባቷ ታላቅ ወንድም ኦቦ ባቻ ስንት ጊዜ ተመላልሰው ነገሩን አለዝበውታል። ሞረዳ ቅዳሜ ይቀበላችኋል፤ እስከ ስድስት ሰዓት በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ተነሥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል፣ እኔም በዚህ ጉዳይ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም ብለው ነበር ስልኩን የዘጉት። ለፋሲካ ተይዞ የነበረውን ቀጠሮ ሠርፀ ለወደፊት ብሎ ስላበላሸው የቀረው ይኸው አንዱ ነው። ወርቂቱ ሳምንቱን ሙሉ ስድስት ሰዓትን ስታስብ ነው የሰነበተችው።

ጎማዎቹ ከሳሎን የወጡት ሐሙስ ዕለት ነው። የፒክአፗ የፊት ጎማዎች ስላለቁ ሠርፀ መኪናዋን ጂሩ ለሚባለው ጎሚስታ ሰጥቶ፣ ያገለገለ ጥንድ ጎማ ፈልጎ እንዲቀይርለት አዘዘው። እግረ መንገዱን ስንጥቅ እንዳላቸው እንዲያይለት ብሎ ትልልቆቹንም ጫነበት። አመሻሹ ላይ ጂሩ ደውሎ ከኋላ የጫንካቸውን ምን ላድርጋቸው ሲል ወርቂቱ ልብስ እየተኮሰች በጆሮዋ ሰምታለች፤ ሠርፀ «እነሱ ለወደፊት ናቸው» ብሎ ዘጋው። ዓርብ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ጂሩ መኪናዋን አምጥቶ ቁልፉን ለሠርፀ እናት ለእትዬ አሰፋች አስረክቦ ሄደ። ማንም ወጥቶ አላያትም።

ሠርፀ በቁምጣ ወጥቶ መኪናዋን አየ። ከዚያ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ ደወለ።

«ጂሩ፣ ምንድን ነው ያደረግከው?»

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ ወንድሜ። ያልከኝን ነዋ። ለወደፊት ናቸው አልከኝ፣ ወደ ፊት አደረግኳቸው።»

«ለወደፊት ማለት ለሌላ ጊዜ ማለት ነው።»

«ታዲያ ለሌላ ጊዜ አትለኝም ነበር?»

ሠርፀ ስልኩን ዘግቶ የቋንቋ ችግር ነው አለ፤ ጂሩ አማርኛ ስለማይገባው ነው አለ። ወርቂቱ ወደፊት የምትለዋን ቃል በልቧ ወደ ኦሮምኛ መለሰቻት፤ እዚያም ያው ሆና አገኘቻት። ፉልዱራ ማለት ፊት ለፊትም ነው፣ የሚመጣው ጊዜም ነው። በየትኛውም ቋንቋ ቢናገር ጎማዎቹ የሚገቡት እዚያው ነበር። ጂሩማ ደክሞባቸዋል፤ ለቸርኬው ልክ ቢሆኑም ፓራፋንጎው አላሳልፍ ስላላቸው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲቀጠቅጥ ነው ያመሸው። የድሮዎቹን መልሶ እንዲያስገባ ደግመው ሲደውሉለት፣ እነሱን ለበረባሶ ሠሪው ሰጥቷቸው ትናንት ተቆራርጠው አልቀዋል።

ወርቂቱ አልጮኸችም። መንገዱን ብቻ ቆጠረችለት። እስከ መናኸሪያ ባጃጅ፣ ከመናኸሪያ እስከ ዲጋ ሚኒባስ በሰው ሰማንያ ብር፣ ከዲጋ ወደ ውስጥ ሞተር ቢበዛ ሁለት መቶ፤ አራት ሰዓት ሳይሞላ አባቴ ደጅ እንደርሳለን፣ መኪናዋን ለዛሬ ተዋት አለችው። ሠርፀ ግን በዚህ መሀል ሐሳቡን ለውጦ ኖሯል። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት፣ ራቅ ብሎ አያት፣ አጎንብሶ ከሥር አያት፣ ከዚያ «እንደውም ጥሩ ነው» አለ። ከፍ ብላለች፣ ለጭቃ ትሆናለች፣ እንዲህ ያለች መኪና ሆዷን ድንጋይ አይነካትም። ሠርፀ ተሳሳትኩ ከማለት ይልቅ ስሕተቱን ወድዶ አብሮት መኖር የሚቀለው ሰው ነው። ደግሞስ አማቴ ፊት ከሞተር ላይ ተንጠልጥዬ ልወርድ ነው ወይ አለ። እትዬ አሰፋች በበኩላቸው ባዶ እጅ አይኬድም ብለው በጋዜጣ የተጠቀለለ የአረቄ ጠርሙስ ይዘው ብቅ አሉ። የአባቷ ቤት ሰው መጠጥ እንደማይቀምስ ወርቂቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ነግራቸዋለች። ተቀበለች፣ አመሰገነች፣ ዞር ሲሉ ጓዳ መለሰችው። እሷ የያዘችው አንድ ብርድ ልብስና ኪሎው በመቶ ሰባ ብር የተገዛ ሦስት ኪሎ ስኳር ነው።

ሠርፀ ሲታጠብ፣ ሸሚዝ ሲመርጥ፣ የተላጠውን ቀለም በጨርቅ ሲወለውል ሦስት ሰዓት ሆነ። ከግቢ መውጣቱ ራሱ ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ መሪው አልዞር አለ። ወደ ግራ ሲጠመዝዘው ጎማው ፓራፋንጎውን እየፋቀ ይጮኽና ሳይታጠፍ ይቆማል፤ ስለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ፊት፣ ደግሞ ወደ ኋላ። አስፋልቱ ላይ ሲወጡ ጎማዎቹ ያጓሩ ጀመር፣ በሩም መስታወቱም የስኳሩ ከረጢትም ተንቀጠቀጠ። አፍንጫዋ ስለተሰቀለ ወርቂቱ ከመንገዱ ይልቅ ደመናው ነበር የሚታያት። አንድ የባጃጅ ሹፌር ይቺ መኪና ልትበር ነው እንዴ ብሎ በኦሮምኛ ሲስቅ፣ ሠርፀ አድናቆት መስሎት እጁን አነሣለት። ወርቂቱ ሰዓቷን ታያለች፤ እሱ ሰዓቷን ስታይ ያያታል፤ ከዚያ የሬዲዮኑን ቁልፍ ይጠመዝዛል። ሬዲዮኑ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። ፍጥነት ሲጨምር መሪው ከእጁ ሊያመልጥ ስለሚታገለው እንደ ጋሪ እያዘገሙ ዲጋ ሲደርሱ አራት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።

ከዲጋ ወደ ውስጥ የሚገባው መንገድ የሐምሌ ዝናብ ያቦካው ቀይ ጭቃ ነው። ሠርፀ አሁን ታያለሽ አላት። አየች። ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሄዱ፣ አንዲት ትንሽ ዳገት ላይ፣ የፊቶቹ ጭቃውን ነክሰው ሲቆሙ የኋላዎቹ መላጣ ጎማዎች ባሉበት ይሽከረከሩ ጀመር። ፒክአፗ የምትገፋው በኋላ ጎማዋ ነው። ጉልበቱ ያለው ኋላ፣ ጥርሱ ያለው ፊት። ወርቂቱ መንጃ ፈቃድ የላትም፣ ይኼን ለመረዳት ግን መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም። ወደ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች ሸክማቸውን አስቀምጠው፣ ነጭ ልብሳቸው በጭቃ እየተረጨ፣ ገፍተው አወጧቸው። ሠርፀ ምስጋናውን በክላክስ ገለጸላቸው።

«ዛሬ ይኼን ነገር እንዳትነካው» አለችው።

ለሰላምታ እኮ ነው አለ። ወርቂቱ እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብሎ ማስረዳት ይቻላል እያለች ከራሷ ጋር ብቻ ስትሟገት ሦስት ጊዜ ቆሙ፣ ሦስት ጊዜ ተገፉ።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ መንገዱ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ግራ በሚታጠፍበት ጠባብ ቦታ፣ ነገሩ አበቃ። ሠርፀ ወደ ግራ ጠመዘዘ፤ ጎማው ፓራፋንጎውን ነክሶ ቆመ። እሱም እልህ ይዞት በሁለት እጁ ተንጠላጥሎ ጠመዘዘው፣ በዚያው ቅጽበት የቀኙ ጎማ ድንጋይ መታ። ከሥር ደረቅ ድምፅ ተሰማ። ግራው ጎማ ወደ ግራ፣ ቀኙ ወደ ቀኝ እያዩ መኪናዋ መንገድ ዳር ያለ ቦይ አፍ ላይ ተዘርፍጣ ቀረች። ሠርፀ በዚያ በመረጠው ሸሚዝ ጭቃው ላይ ተንጋሎ ከሥር ገባና ቴስቲኒው ተሰብሯል አለ፤ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ብረት ነው። ለትንሽ ጎማ የተሠራ ብረት ያን ሁሉ ክብደት ከነቀጠሮው ተሸክሞ እስከዚያ መድረሱም ይገርማል።

«ስንት ቀረን?» አለችው እያወቀች።

«አራት ኪሎ ሜትር። ግን ቆይ፣ ለጂሩ እደውልና ዕቃውን ይዞልን ይመጣል። አብረን እንገባለን።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

ሠርፀ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ለወደፊት የምትለዋ ቃል ከንፈሩ ድረስ መጥታ እንደተመለሰች ወርቂቱ አየች። ስልኩም ኔትወርክ አልነበረውም። በጎማው ብቻ አልነበረም የተናደደችው። ሦስት ዓመት በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ባልዲ ስታቀያይር የኖረችበት ሁሉ ነው ተሰብስቦ የመጣባት። ተረከዝ ያለውን ጫማዋን አውልቃ መቀመጫው ላይ ወረወረች፣ የላስቲኩን ጫማ ከቦርሳዋ አውጥታ አደረገች፣ ብርድ ልብሱን በነጠላዋ ጀርባዋ ላይ አሰረች፣ ስኳሩን አነሣች። ሠርፀ እንዴት ጥለሽኝ ትሄጃለሽ፣ ጎማዎቹንስ ማን ይጠብቃቸዋል አለ።

«ሦስት ዓመት ጠበቅኩህ» አለችው። «አባቴ የሚጠብቀኝ ግን ሠላሳ ደቂቃ ነው።»

መንገዱ ዳገት ነው። ጭቃው ጫማዋን እየሳበ ያስቀርባታል፣ የስኳሩ ከረጢት ጣቷን ይቆርጣታል፣ ካፊያው አንዴ ይቆማል አንዴ ይጀምራል። አንድ በበቅሎ የሚሄዱ ሽማግሌ ደርሰውባት የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቋት። ኢንታላ ሞረዳ፣ የሞረዳ ልጅ ነኝ አለች። ይህን ከተናገረች ስንት ጊዜዋ ነው። ሽማግሌው እግሯን አዩ፣ ወደ ኋላ መንገዱን አዩ፣ በቅሏቸውን ኮልኩለው ቀደሟት። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ገና የትምህርት ቤቱን አጥር እያለፈች ነበር። ሰዓቷን ፈትታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በኋላ የሄደችው ለምን እንደሆነ ራሷም አታውቅም፤ ባዶ በረንዳ ለማየትም ቢሆን ልድረስ አለች።

የአባቷ ቤት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ደጁ ፊት ለፊት ሣር የለበሰ ቁልቁለት አለ፣ ከሥሩ ረግረግ። ወርቂቱ አጥሩ ጋ ስትደርስ ቀና ብላ ለማየት አልደፈረችም። ከውጭ ቆማ፣ ልጅ ሆና እንግዶች ሲጣሩ እንደምትሰማው፣ «ያ ዋራ መና» አለች፤ እናንተ የቤት ሰዎች።

«ሚላን ዱፍቴ?» አለ የአባቷ ድምፅ። በእግርሽ ነው የመጣሽው?

«ኤዬ፣ አባኮ።» አዎ፣ አባቴ።

ኦቦ ሞረዳ በረንዳቸው ላይ ናቸው። ኦቦ ባቻ አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ባለ በቅሎው ሽማግሌ አስቀድመው አልፈው ልጅህ በእግሯ እየመጣች ነው ብለዋቸው፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ተነሥተው የነበሩት ሰውዬ መልሰው ተቀምጠው ኖሯል። አባቷ ሸብተዋል። ከወንበራቸው ተነሥተው በጭቃው ውስጥ እስከ አጥሩ መጡ፣ ስኳሩን ከእጇ ተቀበሏት፣ ከረጢቱ የቆረጣትን ጣቷን አዩት። ሴኒ፣ ግቢ አሏት። ወርቂቱ አላለቅስም ብላ ነበር፤ አለቀሰች። ስለ ሦስቱ ዓመት ማንም ምንም አላነሣም። ውሃ ተሞቀላት፣ እግሯን ታጠበች፣ ጎመንና ቂጣ ቀረበላት፣ ኦቦ ባቻም ስለ በቆሎው ዋጋ ያወሩ ጀመር። አባቷ ብዙ ቆይተው ነው ሰውዬሽስ ብለው የጠየቁት። ይመጣል አለች። መቼ እንደሆነ እንዳይጠይቋት ፈርታ ጎመኑን ጎረሰች። አልጠየቋትም።

ስምንት ሰዓት ሲል ከታች መታጠፊያው ላይ ሰው ታየ። ሠርፀ ነው። አንዱን ትልቅ ጎማ ከነቸርኬው ፈትቶ፣ አራት ኪሎ ሜትር ዳገት ለዳገት በእጁ እየገፋ ያመጣዋል። ሌላውን መንገድ ዳር ላለ ቤት አደራ ሰጥቶ፣ ሁለቱንም ግን ለሰው ማመን አቅቶት ነው። ሸሚዙ የጭቃ ቀለም ይዟል፣ አንደኛው ጫማው የለም። አጥሩ ጋ ሲደርስ ጎማውን በጉልበቱ ደግፎ ቆመ። የሚነፋው ነገር አልነበረውም። ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ለራሱ በሚበቃ ድምፅ፣ «ቤቶች» አለ።

ኦቦ ሞረዳ ተነሡ። ወርቂቱ ተከተለቻቸው። አጥሩ ጋ ደርሰው አማቻቸውን ከእግሩ እስከ ራሱ፣ ከራሱ እስከ ጎማው አዩት።

«ግባ» አሉት በአማርኛ። «እሱን ግን ውጭ ተወው።»

ሠርፀ ጎማውን አየ፣ የመጣበትን መንገድ አየ፣ ግራና ቀኙን አየ። «አባቴ፣ ሌባ ይወስደዋል» አለ።

ወርቂቱ ባሏን ጠበቀችው፤ ሊጠበቅ የሚገባውን ያህል ጠበቀችው። እጁን ከጎማው አላነሣም። እሷ አልፋው ወጣች፣ እጁን ከጎማው ላይ አላቀቀች፣ ጎማውን ወደ ቁልቁለቱ አዞረችና በላስቲክ ጫማዋ ገፋችው። ጎማው መጀመሪያ አመነታ፣ ከዚያ መንገዱን ያገኘ ይመስል ሣሩ ላይ እየፈጠነ ወረደ፣ አንድ ጉብታ ዘለለ፣ ረግረጉ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሠርፀ እጁ በአየር ላይ እንደተዘረጋ ነበር።

«ምን አደረግሽ? ለምን?»

«ለወደፊት ነው» አለችው፣ በሩንም ከፍታ ያዘችለት።